ሳይቀደዱ መታከም ይቻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ በሽታው አይደለም፤ «መቀደዴ የግድ ነው?» ይላል። ፍርሃት ብቻ የወለደው ጥያቄ አይደለም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ ለብዙ በሽታዎች መልሱ «የግድ አይደለም» ሆኗል፤ ለአንዳንዶቹ ደግሞ አሁንም «አዎ፣ የግድ ነው» ነው። እዚህ የሰበሰብኋቸው በአልጋ ጠርዝና በኮሪደር ደጋግሜ የተጠየቅኋቸውን ጥያቄዎች ነው። የሐኪም ምርመራን አይተኩም፤ ሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡ ግን ምን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሳይቀደዱ መታከም» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ፣ እርስ በርሳቸው ግን የማይመሳሰሉ ሕክምናዎች አሉ። አንደኛው ላፓሮስኮፒ ነው፤ ሆድ በረጅሙ በመከፈት ፋንታ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ሁለተኛው ኢንዶስኮፒ ነው፤ ቆዳ ጨርሶ አይነካም፤ መሣሪያው በአፍ፣ በፊንጢጣ ወይም በሽንት መውጫ ይገባል። በትልቁ አንጀት ውስጥ የበቀለች ትንሽ እጢ ወደ ካንሰር ሳትለወጥ በዚህ መንገድ ተቆርጣ ትወጣለች፤ በሐሞት ቱቦ ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠርም በአፍ በኩል ተደርሶበት ይወጣል። ሦስተኛው በደም ሥር ውስጥ የሚኬድበት ነው፤ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ የገባች ካቴተር የምትባል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ፣ እስከ አንጎል ድረስ ትደርሳለች። አራተኛው ምንም የማይቆረጥበት ነው፦ የሞገድ፣ የጨረር፣ የመድኃኒት ወይም የጀሶ ሕክምና።

ይህን መለየት ይጠቅማል። «በካሜራ ነው የሚሠራልህ» የተባለ ሰው ምንም የማይነካው መስሎት ይመጣና ሙሉ ማደንዘዣ እንደሚወስድ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ መተው እንዳለበት ሲነገረው ይደነግጣል። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

በላፓሮስኮፒ ጊዜ ሆዴ ውስጥ ምን ይደረጋል?

የሐሞት ከረጢትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ታካሚው በሙሉ ማደንዘዣ ከተኛ በኋላ እምብርቱ አጠገብ ይበሳና ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። የሆድ ግድግዳ እንደ ድንኳን ከፍ ብሎ ለሥራ የሚሆን ክፍተት ይፈጠራል። ካሜራው ይገባል፤ ስፋታቸው ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ይከተላሉ። የክፍሉ መብራት ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ቡናማው ጉበት ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ከሥሩ የሐሞት ከረጢቱ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሐኪሙ ወደ ከረጢቱ የሚሄዱትን ቱቦና ደም ሥር አንድ በአንድ አጥርቶ፣ በክሊፕ ቆልፎ ይቆርጣል። ከረጢቱ ከጉበት ተላቅቆ በትንሽ የፕላስቲክ ቋት ይከተትና ብዙውን ጊዜ በእምብርት በኩል ይወጣል። ጠጠሩ ትልቅ ከሆነ ቀዳዳዋ በዚያው ትንሽ ትሰፋለች።

ዛሬ ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሙሄ በ1985 የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት በላፓሮስኮፒ አውጥቶ በማግሥቱ ዓመት ለአገሩ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ሲያቀርብ ግን የገጠመው ጥርጣሬና ነቀፋ ነበር። ከእሱ በፊት በ1980 ትርፍ አንጀትን በዚሁ መንገድ ያወጣው ኩርት ዜምም ከባልደረቦቹ ብዙ ውግዘት ደርሶበታል። ሙሄን ያው ማኅበር በ1992 ሸለመው።

ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ሥራውም ቀላል ነው ማለት ነው?

አይደለም። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ቢይዙ እወዳለሁ። ያነሰው ወደ ውስጥ መግቢያው እንጂ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አይደለም። የሚወጣው አካል ያው ነው፤ የሚቆረጠው ደም ሥር ያው ነው፤ ማደንዘዣውም ብዙውን ጊዜ ሙሉ ነው። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ሳይታሰብ የአንጀት መበሳት በጠባብ ቀዳዳም ይደርሳሉ። የሐሞት ከረጢት ላፓሮስኮፒ ገና በተስፋፋባቸው ዓመታት በዋናው የሐሞት ቱቦ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከክፍት ቀዶ ሕክምናው ጊዜ በልጦ ነበር፤ ሐኪሞች በእጃቸው ሳይዳስሱ በስክሪን ብቻ መሥራትን መልመድ ነበረባቸው።

ጥቅሙስ? ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የሆድ ጡንቻ በረጅሙ ስላልተቆረጠ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ታካሚው በዚያው ዕለት ተነሥቶ ይራመዳል፤ ቶሎ መራመድ ደግሞ ሳንባንም ይጠቅማል፣ በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋም ይረዳል። ቁስል ማመርቀዝና በስፌት በኩል የሚመጣ ሄርኒያ፣ ማለትም አንጀት በላላው ስፌት በኩል መውጣት፣ ያንሳል። ሐሞት ከረጢቱ በላፓሮስኮፒ የወጣለት ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ሥራው ይመለሳል። በክፍት ሲሆን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድ ነበር። ለአንድ የቀን ሠራተኛ ወይም ሕፃን ለምታጠባ እናት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

የተቀደድኩት ሆዴን፤ ያመመኝ ግን ትከሻዬን ነው። ለምን?

ይህን ጥያቄ የሚያቀርቡልኝ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሌሊት፣ በፍርሃት ነው። ሰውየው ቀኝ ትከሻውን ይዞ «ልቤን ነው መሰለኝ» ይላል። ምክንያቱ ጋዙ ነው። ሆድ የተነፋበት ጋዝ ሲለቀቅ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የቀረው ከጉበት በላይ ካለው ድያፍራም፣ ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ፣ ሥር ይሰበሰባል። የድያፍራም ነርቭ ከአንገት የሚነሣ በመሆኑ አንጎል ሕመሙን ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ቀስ ብሎ መራመድና ተራ ማስታገሻ ይረዳል። በደረት መሐል የሚጫን፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ከሆነ ግን የጋዝ ነው ብለው አይለፉት፤ ወዲያውኑ ይናገሩ።

በመካከል ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና ቢቀየርስ?

ስምምነቱን ሲፈርሙ ይህ የሚቻል መሆኑን አብረው ይፈርማሉ። የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ አንጀትን እርስ በርሱ አጣብቆት ከሆነ፣ እብጠቱ በዝቶ ቱቦውን ከደም ሥሩ መለየት ካልተቻለ፣ ወይም ደም መፍሰሱ በቀዳዳው በኩል የማይቆም ከሆነ ሐኪሙ ይከፍታል። ነቅተው ረጅሙን ስፌት ያዩ ታካሚዎች «ተበላሽቶብኝ ነው» ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በእኔ እይታ ያ ሐኪም ያላየውን ቱቦ ከመቁረጥ ይልቅ መክፈትን በመምረጡ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

የኩላሊት ጠጠር ያለ ቢላ ይወጣል?

ብዙውን ጊዜ አዎ። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፤ ውሃ፣ ማስታገሻና ትዕግሥት ይበቁታል። ከዚያ ለሚበልጠው ከሰውነት ውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ ጠጠሩን መፈርፈር ይቻላል። ሕክምናው የተጀመረው በ1980 በሙኒክ ነው፤ መሣሪያውን የሠራው አውሮፕላን ሠሪው የዶርኒየር ኩባንያ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች በገንዳ ውሃ ውስጥ ተነክረው ነበር የሚታከሙት፤ ሞገዱ ሳይበተን የሚተላለፈው በውሃ ነውና። ዛሬ ገንዳው ቀርቶ ውሃ በያዘ ትራስና በጄል ይሠራል። ታካሚው ጀርባው ላይ እንደ ጣት ምት የሚደጋገም ኳኳታ ይሰማዋል።

ከሕክምናው በኋላ ሽንት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢቀላ አያስደነግጥም። ፍርፋሪው ሲወርድ ግን ሊያም ይችላል፤ «ምንም አልተቆረጥኩም» ብሎ ሕመም የለም ብሎ ማሰብ አይገባም። ሽንትዎን በወንፊት አጥልለው የወረደውን ፍርፋሪ ይዘው ይምጡ፤ ጠጠሩ ከምን እንደተሠራ ሲታወቅ ቀጣዩን መከላከል ይቻላል። ይህ ሕክምና ለነፍሰ ጡርና ደሟ ወይም ደሙ ለማይረጋ ሰው አይሰጥም። ከ2 ሴንቲሜትር ለሚበልጥ የኩላሊት ጠጠር ደግሞ ከጀርባ በኩል በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ማውጣት ይመረጣል፤ በሽንት መውጫ ተገብቶ በሌዘር የሚሰበርም አለ።

ጠጠር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከመጣበት አንድም ቀን አይጠብቅ። የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ስቴንት ከመጣ ወዲህ ደረት ከፍቶ ልብን መሥራት ቀርቷል?

አልቀረም፤ መቅረትም የለበትም። በደም ሥር ውስጥ ሄዶ ማከም የተጀመረው ከእግር ነው። በጥር 1964 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የሚኖሩ የ82 ዓመት እናት የእግር ጣታቸው መበስበስ ጀምሮ እግራቸው እንዲቆረጥ ተነግሯቸው እምቢ አሉ። ቻርልስ ዶተር የተባለ የራጅ ሐኪም የጠበበውን የደም ቧንቧ በካቴተር አሰፋላቸው። ሕመሙ ለቀቃቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ በራሳቸው እግር ሄዱ። በ1977 ደግሞ አንድሪያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ ከተማ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ቧንቧ በፊኛ ከፈተ፤ ታካሚው ነቅቶ ነበር። ስቴንት የምትባለው የብረት መረብ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ ደግፋ እንድትይዝ ነው። የጠበበ የልብ ቫልቭን ደረት ሳይከፍቱ በካቴተር መተካትም በ2002 በፈረንሳዩ ሐኪም አላን ክሪቢዬ ተጀምሯል።

በልብ ድካም ሳይሆን በድንገተኛ የልብ ደም ቧንቧ መዘጋት ለመጣ ሰው ስቴንት ሕይወት አዳኝ ነው፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል። ስኳር በሽታ ኖሮባቸው ብዙ ቧንቧዎቻቸው ለጠበቡ ሰዎች ግን ደረት ተከፍቶ የሚሠራው፣ ደም የጠበበውን ቧንቧ አልፎ የሚሄድበት የማለፊያ መንገድ (ባይፓስ) እንደሚበልጥ በ2012 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል፤ በእሱ የታከሙት ሞትም ድንገተኛ የልብ ደም ቧንቧ መዘጋትም ያነሰባቸው ሆነዋል። ሲራመዱ ብቻ ደረታቸውን ለሚይዛቸው፣ ሁኔታቸው ለተረጋጋ ብዙ ታካሚዎች ደግሞ በደንብ የተወሰደ መድኃኒት ዕድሜን በማራዘም ረገድ ከስቴንት አያንስም።

አንድ ልመና አለኝ፦ ስቴንት ከገባልዎ በኋላ የታዘዘልዎትን ደም ማቅጠኛ ሐኪምዎ ሳያውቅ፣ ለጥርስ መነቀልም ቢሆን፣ አያቋርጡ። መረቡ ውስጥ ደም በድንገት ከረጋ ልብ ሊቆም ይችላል።

ትርፍ አንጀት በመድኃኒት ብቻ ይድናል?

ላልፈነዳ ትርፍ አንጀት ይቻላል፤ ዋስትና ግን የለውም። በአሜሪካ ከ1,500 በላይ አዋቂዎች የተሳተፉበትና በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንቲባዮቲክ ከታከሙት ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ በ90 ቀናት ውስጥ መቀደዳቸው አልቀረም። በፊንላንድ ሐኪሞች ታካሚዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትለዋቸው ቁጥሩ ከ10 ሰዎች 4 ያህል ደርሷል። በራጅ ምርመራ ትርፍ አንጀቱ ውስጥ ጠጠር ከታየ መድኃኒቱ የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል።

እኔ ይህን የምነግረው ለማስፈራራት አይደለም። ከ10 ሰዎች 6ቱ ሳይቀደዱ አምስት ዓመት መቆየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ሆስፒታል በቅርብ ለሌለው፣ ሕመሙ ቢመለስ በቶሎ መድረስ ለማይችል ሰው ግን ምርጫው ሌላ ሊሆን ይገባል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ በራስ ፈቃድ አንቲባዮቲክ መዋጥ ደግሞ ሕክምና አይደለም፤ ሲፈነዳ ምልክቱን ይደብቃል።

ቀድሞ በቢላ ይታከሙ የነበሩ፣ ዛሬ ጨርሶ የማይቀደዱ በሽታዎች አሉ?

አሉ፤ በሙያዬ ከሁሉ በላይ የሚያስደስቱኝም እነዚህ ናቸው።

የጨጓራ ቁስለት አንዱ ነው። በጭንቀትና በአሲድ ብቻ ይመጣል ተብሎ ስለታመነ የጨጓራ ነርቭ ይቆረጥ፣ አንዳንዴም የጨጓራው ክፍል ተቆርጦ ይወጣ ነበር። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መኖሩን አሳዩ፤ የሚያምን ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ አብዛኛው ታካሚ ለሁለት ሳምንት በሚወሰድ የአንቲባዮቲክና የአሲድ መቀነሻ ኪኒን ይድናል። ተበስቶ የመጣ ቁስለት ግን አሁንም ብዙውን ጊዜ ቢላ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ናቸው። ቀደም ሲል ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር፤ ሲያድጉ ያ እግር ይደርቅና ያማቸዋል። በአሜሪካ አዮዋ ይሠራ የነበረው ስፔን ተወላጁ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የሕፃን አጥንትና ጅማት ገና ለስላሳ መሆኑን ተጠቀመበት። እግሩ በየሳምንቱ በእጅ ቀስ ተደርጎ ይቃናል፤ በጀሶ ይታሰራል፤ በሳምንቱ ይፈታና ትንሽ ይበልጥ ይቃናል። ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ በኋላ እግሩ ቀጥ ይላል። ለአብዛኞቹ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ብስ ይላላል፤ ከዚያም በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ፣ መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ በኋላ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ እስከ አራት ዓመት ይደረጋል። ወላጆች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። እግሩ ቀና ብሎ ሲያዩት ጫማውን ይተዉታል፤ እግሩም ይመለሳል። ጀሶው የሐኪም ሥራ ነው፤ ጫማው ግን የእናትና የአባት ነው።

ሦስተኛው የጡት ካንሰር ነው። ጨርሶ አልቀረም፤ ግን እጅግ አነሰ። ከመቶ ዓመት በፊት ጡት ብቻ ሳይሆን የደረት ጡንቻና የብብት ንፍፊቶች ሁሉ ይወጡ ነበር፤ ሴቶቹ ክንዳቸው አብጦ ይኖራል። የአሜሪካው በርናርድ ፊሸርና የጣሊያኑ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ያደረጓቸው ጥናቶች የ20 ዓመት ውጤት በ2002 ሲወጣ፣ በጊዜ ለተደረሰበት ካንሰር እጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ሙሉ ጡት ከማውጣት ያላነሰ ዕድሜ እንደሚሰጥ ታየ። እዚህ ላይ «በጊዜ» የሚለው ቃል ሁሉን ይወስናል።

የማሕፀን ማዮማ አለብሽ ተብያለሁ። ማሕፀኔ መውጣቱ የግድ ነው?

ማዮማ በማሕፀን ላይ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው፤ ምልክት ከሌለው ብዙ ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ለሚያደማው መድኃኒት አለ፤ ማሕፀን ሳይነካ እጢውን ብቻ ማውጣት አለ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ወደ እጢው የሚሄደውን የደም ቧንቧ በካቴተር ደፍኖ ማክሰም አለ። መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን ፍላጎቷን ከምርጫው በፊት ለሐኪሟ መናገር አለባት፤ የሚመረጠው ሕክምና በዚህ ይለያል።

ረጅሙ ቀዶ ሕክምና የሚሻልበት ጊዜ አለ?

አለ፤ ትምህርቱም በሕይወት የተከፈለበት ነው። ለጀማሪ ደረጃ የማሕፀን በር ካንሰር ማሕፀንን በላፓሮስኮፒ ወይም በሮቦት ማውጣት በብዙ ቦታ ተለምዶ ነበር። በ2018 የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳደረ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት በክፍት ከታከሙት 96.5 በመቶ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ ከታከሙት ግን 86 በመቶ ነበሩ። ሕመሙ ያነሰው መንገድ ካንሰሩን ያበዛው ሆኖ ተገኘ፤ ክፍቱ ቀዶ ሕክምናም ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህ ለሁሉም ካንሰር አይሠራም፤ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ላፓሮስኮፒ ከክፍቱ እንደማያንስ ታይቷል።

በአደጋ ደም በሆዱ ውስጥ እየፈሰሰበት ለመጣ፣ የደም ግፊቱ ለወረደ ሰውም ፈጥኖ መክፈት ነው የሚያድነው።

ትንሽ ሕክምና ከሆነ ቢደረግ ምን ይጎዳል?

ያላስፈለገ ሕክምና ትንሽም ቢሆን ከልክ ያለፈ ነው። በጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር ለሚሠቃዩ በካሜራ ገብቶ ማጠብና መጥረግ ለዓመታት ተሠርቷል። በ2002 በወጣ ጥናት 180 ታካሚዎች ተከፋፍለው፣ ከፊሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። የሁለቱም ወገን ሕመም እኩል ነበር። ለእንዲህ ያለው ጉልበት የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር ስፖርትና ክብደት መቀነስ ይቀድማሉ።

ሮቦቱ ነው የሚቀደኝ?

አይደለም፤ ሐኪሙ ነው። ሮቦቱ የሐኪሙን እጅ እንቅስቃሴ ይከተላል እንጂ በራሱ አይወስንም። በ2001 ኒውዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኛችን ታካሚ የሐሞት ከረጢት አውጥተዋል፤ እዚያም እጁ የሰው ነበር።

ከመፈረሜ በፊት ሐኪሜን ምን ልጠይቅ?

ባልታከም ምን ይሆናል? ያለኝ ምርጫ ይህ ብቻ ነው? በሌላ ቦታ የሚሰጥ፣ እዚህ የሌለ ሕክምና አለ? ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ «ይህን ሥራ እርስዎ ራስዎ ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብዙዎች ሐኪም መድፈር መስሏቸው ይህን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። መድፈር አይደለም። በጠባብ ቀዳዳ መሥራት ልምምድ የሚጠይቅ እጅ ነው፤ በክፍት ሺህ ሰው ያዳነ ሐኪም ራሱ፣ በላፓሮስኮፒ ገና አሥረኛ ታካሚውን ሲሠራ እጁ በክፍት እንደለመደው አይሆንም። ጥሩ ሐኪም ጥያቄው አያስቀይመውም።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከዚህ በፊት ሆድዎ ተከፍቶ ከነበረም ያንን ይናገሩ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ምን ሲሰማኝ ልመለስ?

ከላፓሮስኮፒ በኋላ ሕመም ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት። ዛሬ ከትናንት የባሰ ከሆነ ልክ አይደለም። ሆድ እየተነፋ መጠንከር፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን፣ የአንድ እግር ባት አብጦ ማመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፤ ከእነዚህ አንዱ በቂ ነው። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ካቴተር ገብቶልዎት ቦታው ካበጠ ወይም ከደማ በጣት አጥብቀው ተጭነው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ቶሎ ቤት መግባት የራሱ አደጋ አለው፦ ቀድሞ አልጋ አጠገብ ሆነን የምናያቸውን ምልክቶች አሁን የሚያየው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሲሰናበቱ የሚደውሉበትን ቁጥር ሳይዙ አይውጡ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ይደውሉ፤ ተረኛ ነርሷ የተቀመጠችው ለዚህ ነው።